ከማማው የማትታየው በር

የሎርንሽታት ምክር ቤት አዲስ የማማ ጠባቂ ይፈለጋል ብሎ ማስታወቂያ ሲያወጣ ያመለከተው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሷም ከሩፕሬክት ቤት ሆና ቁጭ አለች። እስካሁን ማማውን ሲጠብቅ የኖረው ኮርቢኒያን ሽታድለር ይህን ሲሰማ የያዘውን የቢራ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ?» አለ። ጉልበቱ ደረጃውን እምቢ ባይለው ኖሮ ማማውን ለማንም ባልለቀቀ። አሁን ግን ሐኪሙና ጉልበቱ አድመውበታል፤ ወይ በእግሩ ይወርዳል፣ ወይ አንድ ቀን በቃሬዛ ያወርዱታል።

ሴትዮዋ ሮስቪታ ሩፕሬክት ትባላለች። ዕድሜዋ አርባን ትንሽ ያለፈ፣ ቀን ቀን መነጽር ቤት የምትሠራ፣ ማታ ማታ በከተማው ባንድ ውስጥ መለከት የምትነፋ ዝምተኛ ሴት ናት። ለሌላ ከተማ ሰው እንከን የላትም። በሎርንሽታት ግን ለሩፕሬክት ቁልፍ አይሰጥም። ይህ ሕግ አይደለም፤ የትም አልተጻፈም፤ ሰዉን ብትጠይቁት ስቆ «ኧረ ቀልድ ነው» ይላችኋል። ይሁንና የተኳሾች ማኅበር የቢራ ጓዳውን፣ መዘምራኑ የቁም ሳጥናቸውን፣ የእሳት አደጋ ጓዶቹ የመኪና ቤታቸውን ቁልፍ ለአንድ ሩፕሬክት ሰጥተው አያውቁም። ቀልዱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ የሳቀበት ሩፕሬክት ግን እስካሁን አልተገኘም።

ነገሩ የሚጀምረው ከፋይት ሩፕሬክት ነው። ስዊድኖች ከተማዋን በከበቡበት ዘመን ፋይት በምሥራቅ በኩል ያለችው የትንሿ በር ዘበኛ ነበር። አንድ ማለዳ በሯ ተከፍታ ተገኘች፤ ስዊድኖቹ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሎርንሽታት ሕፃን ጡት ሳይጥል ይሰማዋል። ጠላት ወጥቶ ሲሄድ የተረፈው ሕዝብ በዳይ ፈለገ። በጊዜው የማማ ጠባቂ የነበረው ዮብስት የሚባል ሰው መጽሐፍ ላይ እጁን ጭኖ፣ ፋይት በሯን ሲከፍት ከማማው ላይ ሆኜ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ወዲያውም መለከት ነፍቻለሁ ብሎ ማለ። ሌላ ምስክር አልነበረም፤ ያስፈልጋል ያለም የለም። ፋይትን ገበያው መሐል ሰቀሉት።

ከተማው ታሪኩን የሚወድ ከተማ ነው። በየዓመቱ በሐምሌ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ የራሱን ዘመናት አንድ በአንድ አደባባይ አውጥቶ ይጫወታቸዋል። መነኩሴውና ዓሣ አጥማጆቹ ወንዙ ዳር መንደር ይመሠርታሉ፤ ወረርሽኙ ይገባል፤ ገበሬዎቹ ያምፃሉ፤ ስዊድኖች ይከባሉ፤ ፈረንሳዮች ያቃጥላሉ፤ በመጨረሻ ባቡር እያፏጨ ይገባና ባንዱ ይዘፍናል። ጨዋታው ባቡሩ ላይ ያበቃል። ከባቡሩ ወዲህ ያለውን ዘመን እንጫወተው ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልተነሣም።

ድርሻው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። መነኩሴው ሁልጊዜ ከዳቦ ጋጋሪዎቹ ቤት ነው፤ ስዊድኖቹ ሥጋ ሻጮቹ ናቸው፤ ከሃዲው ደግሞ ሩፕሬክት ነው። ሩፕሬክቶች እምቢ ቢሉ «አፈሩ፣ እውነት ቢሆን ነው» ይባላሉ፤ እሺ ሲሉ «ራሳቸውም አመኑ» ይባላሉ። ስለዚህ እሺ ይላሉ። የሮስቪታ አባት ሽማግሌው ኤንገልበርት ከጎልማሳነቱ ጀምሮ በሯን ሲከፍት ኖሯል። በሯ ስትከፈት ከማማው መለከት ይነፋል። መለከቱ ሲሰማ ገበያውን የሞላው ሕዝብ ጀርባውን ያዞራል፤ ኤንገልበርትም ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ በጀርባዎች መካከል እስከ መስቀያው ይሄዳል።

እንግዲህ ኮርቢኒያንን እንቅልፍ የነሣው ነገር ይኸውና። ከማማው ላይ ሆኖ ትንሿ በር አትታይም። በምሥራቁ መስኮት አንገታችሁ እስኪቀጭ ብትሰግጉ የምታዩት የአሮጌውን የእህል ጎተራ ጣሪያ ብቻ ነው። ያ ገደል የመሰለ ጣሪያ በሯንም፣ ከበሯ ፊት ያለውን መንገድም ጥርግ አድርጎ ይከልላል። ጎተራው ኋላ የተሠራ ነው እንዳይባል ዓመቱ ከደጃፉ በላይ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ ከስዊድኖቹ አንድ መቶ ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ ዮብስት ምንም አላየም። በሐሰት ምሎ ሰው አሰቅሏል።

ኮርቢኒያን ይህን ያወቀው ቁልፉን የተቀበለ ዕለት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ጠባቂ፣ ሽማግሌው ክሳቨር፣ ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጦ እጁን ሳይለቅ ወደ ጆሮው ተጠጋና፣ በምሥራቅ በኩል ታያለህ፣ በሯን አታገኛትም፣ ሆድ ይፍጀው ብለህ ትኖራለህ አለው። ክሳቨርም ከበፊተኛው የሰማው ነው። ጠባቂ ለጠባቂ እየሾከሸከ እዚህ ደርሷል። ቁልፉን የሚሰጠው ደግሞ ከድሮም ጠባቂው እንጂ ምክር ቤቱ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከዚያ ሹክሹክታ ጋር። አሁን ኮርቢኒያን ይህን ቃል በማን ጆሮ ያስቀምጠው? በሩፕሬክት ልጅ? «የከተማው ዓይን» ሲባል የኖረው ማማ የሐሰት ምስክር ሊባል ነው። እሱም ዕድሜውን ሙሉ የሐሰት ምስክር ዘበኛ ነበር ሊባል ነው።

ከንቲባው ግን ነገሩን በሳቅ አየው። ልጅቱ እስከ ጨዋታው ቀን ድረስ ከሥራ በኋላ እየወጣች ትለማመድ፣ በጨዋታው ቀን መለከቱን ራሷ ትንፋ አለ። «በአባቷ ላይ ከነፋች ታማኝ ናት፤ ያኔ ቁልፉን ስጣት። ካልነፋች ደግሞ ራሷ መለሰችልን» ብሎ በራሱ ብልሃት እየተደሰተ ሄደ።

ሮስቪታ መውጣት ጀመረች፤ ኮርቢኒያንም ዓይኑን ከላይዋ አላነሣም። መጀመሪያ ቀን ያየው ነገር ወዲያው ሸተተው። ማማው ላይ አዲስ የወጣ ሰው ሁሉ፣ ቱሪስትም ይሁን ቄስ፣ ትንፋሹን ሳይሰበስብ በአራቱም መስኮት ይሯሯጣል። እሷ ኮቷን ሰቀለች፣ የሻይ ማፍያው የት እንደሆነ ጠየቀች፣ በደቡብ በኩል ገበያውን አየች፣ በሰሜን በኩል ወንዙን አየች፣ በምዕራብ በኩል የባቡር ጣቢያውን አየች። ወደ ምሥራቁ መስኮት ግን ዞር አላለችም። በማግሥቱም እንደዚያው። ኮርቢኒያን ሲያሰላስል ቆየ። የማያውቅ ሰው ያያል፤ የማያይ ሰው የሚያውቅ ነው። ከዚህ የሚያስፈራ ነገር አልመጣለትም።

ስለዚህ ወጥመድ አጠመደ። የሻይ ስኒውን ምሥራቁ መስኮት ላይ አስቀመጠና፣ ጉልበቴን አሞኛል፣ እባክዎ ስኒዬን ያቀብሉኝ አላት። እሷ ሄዳ ስኒውን ብቻ እያየች አንሥታ፣ ስኒውን ብቻ እያየች አምጥታ ሰጠችው። «ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ሌላ ልቅዳልዎ?» አለች። ኮርቢኒያን ቀዝቃዛውን ሻይ በንዴት ጨለጠው።

ከማማው ሥር ዳቦ ቤት ያላት ዋልትራውት የሰፈሩ ጆሮ ናት። የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ሥር ያለችው መስኮት ከጎተራው አጠገብ በመሆኗ፣ በትንሿ በር የሚያልፈው ድመት እንኳ አያመልጣትም። ኮርቢኒያን ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲገባ፣ የሩፕሬክቷ ልጅ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ማማው ነው የምትመጣው ወይ ብሎ እንደ ዋዛ ጠየቀ።

«ኮርቢ፣ ደህና ነህ?» አለችው ዋልትራውት ሊጡን እየደበደበች። «በየቀኑ ስለሷ ትጠይቀኛለህ። በዚህ ዕድሜህ ፍቅር ያዘህ እንዴ?»

«ጠየቅኩሽ እንጂ ላግባት አላልኩም።»

«እንዲያውም ልንገርህ። ትናንት ትንሿ በር አጠገብ ቆማ ወደ ላይ ወደ ጎተራው ጣሪያ አንጋጣ ታይ ነበር። ወፍ የምትቆጥር ነው የምትመስለው።»

ኮርቢኒያን ዳቦውን እንደያዘ ሳይከፍል ወጣ፤ ዋልትራውት ጠርታ መለሰችው። ከዚያ ቀን በኋላ ጥርጣሬው ጥርጣሬ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሰው ሆኖ አብሮት ማማው ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሳቅ ስትል ይጠረጥራል፤ ዝም ስትል ይብስበታል። አንድ ቀን ለጎብኚዎች ደወሉን ልታሳይ ስትወርድ ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ቀረ። ኮርቢኒያን ደረጃውን ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠ፤ ከዚያ ቦርሳውን ከፈተ። ካሜራ ይኖራል ብሎ ነበር፤ ወይም ሜትር፣ ወይም የሆነ የጋዜጠኛ ስም። ያገኘው በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦና አይብ፣ ግማሹ የተሠራ የሹራብ ካልሲ፣ በመሐረብ የተቋጠረ የመለከት መንፊያ አፍ ነው። ካልሲው የሽማግሌ እግር ልክ ነበር። ቦርሳውን ዘጋው። አፈረ፤ ያፈረው ግን ስለ ከፈተ ነው ወይስ ምንም ስላላገኘ ለራሱም አልተገለጠለትም።

የጨዋታው ልምምድ ቀን ደረሰ። ታች ሥጋ ሻጮቹ የስዊድን ቆብ ደፍተው ይሯሯጣሉ፣ ከንቲባው በድምፅ ማጉያ ሰው ይሰድባል። ሮስቪታ መለከቱን ይዛ፣ ምን ጊዜ ነው የምነፋው፣ ቶሎ ነፋች ዘገየች እንዳይሉኝ ብላ ጠየቀች። ኮርቢኒያን የገበያውን ግርግር እያየ ሐሳቡ እዚያ ነበር፤ ልጅ ሳለ የተማረውን ጸሎት እንደሚደግም ሰው ሳያስብ መለሰላት።

«ቀላል ነው። ዋልትራውት ከጣሪያዋ መስኮት ነጭ አንሶላ ታውለበልባለች። አባትዎ በሯን ከፈቱ ማለት ነው። አንሶላውን ሲያዩ ይንፉ።»

ካለ በኋላ የራሱን ድምፅ ሰማው። በየዓመቱ፣ እሱም፣ ክሳቨርም፣ ከክሳቨር በፊት የነበረውም፣ የዳቦ ቤቷን አንሶላ አይተው ነው የነፉት። ሌላ መንገድ የለማ! በሯ አትታይም! የዋልትራውት እናትም አውለብልባለች፤ አያቷም አውለብልባለች። ገበያውን የሞላ ሕዝብ ያንን አንሶላ በጠራራ ፀሐይ ሲያይ ኖሯል። ልጆች በጣት ያሳዩታል፣ «አሁን ሊነፋ ነው» ይባባላሉ። እሱ ጆሮ ለጆሮ ሲጠብቀው የኖረውን ምስጢር ከተማው እንደ አልጋ ልብስ መስኮት ላይ ሲያሰጣው ከርሟል። ግን አንድም ሰው፣ አንድም ነፍስ፣ «ጠባቂው ካየ አንሶላው ለምን አስፈለገ?» ብሎ አያውቅም። ሎርንሽታት እንዲህ ናት፤ ለሥርዓቱ ከታማኝነቷ የተነሣ የምታደርገውን አታይም።

ሮስቪታ ግን አልደነገጠችም። «እሺ፣ አንሶላ» አለችና የመለከቱን መንፊያ አፍ በመሐረቧ ወለወለች።

ኮርቢኒያን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» አላት።

«ምኑን?»

«አይቀልዱብኝ።»

መለከቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «አቶ ሽታድለር፣ አባቴ በሯን ከከፈተ በኋላ በየዓመቱ ዞር ብሎ ወደ ላይ ያያል። ምን እንደሚያይ ልንገርዎ? የጎተራ ጣሪያ። አያቴም ያየው እሱኑ ነው። እናንተ እኛን ካላያችሁን፣ እኛስ እናንተን በምን ዓይናችን እናያለን?»

ሞኝነቱ አንገበገበው። የአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጠባቂዎቹ ከላይ ሩፕሬክቶቹ ከታች፣ አንዱን ነገር ሲያውቁ ኖረዋል። ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ አለ፤ ቁጣ እንጂ ጥያቄ አይመስልም ነበር።

«ለማን እንናገር? ከሩፕሬክት አፍ ወጥቶ ማን ያምናል? አያቴ አንድ ቀን ከማማው ይነገራል እያለ ሲጠብቅ ሞተ። አባቴ መጠበቁንም ትቶታል።»

«እና እርስዎ ሊያስነግሩን መጡ።»

«ኧረ በፈጠረዎት! ፋይት ሞቷል፤ ሐውልት አላቆምለት። እኔ የመጣሁት ቁልፍ ፈልጌ ነው።» ድምፅዋ ሳታስበው ከረረ። «ባንዱ ውስጥ ሃያ ዓመት ነፍቻለሁ። የመሣሪያውን ቁም ሳጥን የሚከፍትልኝ አምና የገባ ጎረምሳ ነው። እሱ እስኪመጣ በረንዳ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሲዘንብም። የትም ይሁን የት፣ አንድ በር ራሴ ከፍቼ ራሴ መዝጋት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም የለኝም።»

ኮርቢኒያን ለማመን ሞከረ፤ አቃተው፤ ይህን ሁሉ ደረጃ ለአንድ ቁልፍ? እንደገና ሞከረ። ቦርሳው ትዝ ሲለው ዓይኗን ማየት ከበደው። ለማማው የሚሟገትለት ነገር ፈልጎ ተነሣና ወደ ምዕራቡ መስኮት ሄደ። ማማው ዕውር አይደለም፣ ከዚህ በኩል ሁሉም ይታያል፣ የባቡር ጣቢያው መንገድ እስከ መጨረሻው ይታያል አላት። ማለቱን እንደጨረሰ የተናገረው ቆጨው፤ ክሳቨር ቁልፉን በሰጠው ዕለት የሾከሸከው አንድ ነገር ብቻ አልነበረማ።

ሁለተኛውን ለማንም ተናግሮት አያውቅም። አሁን ግን አፉ አንዴ ተከፍቷልና ነገራት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክሳቨር በዚህ መስኮት ቆሞ፣ በሥራ ቀን፣ ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቶ ሳለ፣ የአይሁድ ቤተሰቦችን ሻንጣ አስይዘው ወደ ጣቢያው ሲነዷቸው አይቷል። ልብስ ሰፊውን ከነልጆቹ ለይቷቸዋል፤ የሚነዷቸውንም በስም ያውቃቸዋል። የተመለሰ የለም። ከጦርነቱ በኋላ ምን አየህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም ሳይጠየቅ አልተናገረም። ለኮርቢኒያን ብቻ፣ ከቁልፉ ጋር።

ሮስቪታ መንገዱን ስታይ ቆየች። «ከነዷቸው ሰዎች መሐል እርስዎ የሚያውቋቸው ነበሩ?»

«ነበሩ። አብሬያቸው ቢራ ጠጥቻለሁ።»

እሷ ኮቷን ለብሳ ወረደች፤ እሱ እዚያው መስኮት ላይ ቀረ። ያላየውን አየሁ ብሎ የማለ ማማ፣ ያየውን ደግሞ ስላልተጠየቀ ዝም ያለ ማማ ነው ሲጠብቅ የኖረው። በሕይወቱ ሙሉ ሰው ሲጠረጥር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ክሳቨርን አልጠረጠረም፤ ራሱንም አልጠረጠረም።

የጨዋታው እሑድ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ገበያው በሰው ጢም ብሏል፤ የተጠበሰ ቋሊማ ሽታ እስከ ማማው ይደርሳል። መነኩሴው መንደሩን መሠረተ፣ ወረርሽኙ ገደለ፣ ገበሬዎቹ አምፀው ተቀጡ። ስዊድኖቹ መጡ። ኮርቢኒያን ከጠዋት ጀምሮ ያችን ሴት ይሰልላል። አሮጌው ጠባዩ አልለቀቀውም፤ አትነፋም የሚል ጥርጣሬ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። እምቢ ካለች ከንቲባው ይስቃል፣ ከተማው «አላልናችሁም?» ይላል፣ ለሚቀጥለውም ሦስት መቶ ዓመት ሩፕሬክት ቁልፍ አያይም። አባትዎ ምን አሉ ብሎ ጠየቃት።

ሮስቪታ ከንፈሯን በምላሷ አራሰች። «‹ንፊው ልጄ፣ ቁልፉን ውሰጂ። እኔ ጀርባቸውን ለምጄዋለሁ› አለኝ።»

ይህንን ስትል ኮርቢኒያን ፊቷን አየው። እንደምትነፋ ያኔ አወቀ። አሳምራ፣ አንድ ድምፅ ሳትስት፣ በገዛ አባቷ ላይ ልትነፋ ነው። ሲጠረጥራት የከረመው በክህደት ነበር፤ አሁን ታማኝነቷ ከክህደት በላይ አስደነገጠው። እነሱ ያስገደዷት ይህንን ነው፤ ዮብስት የሠራውን ሥራ በራሷ አፍ እንድትሠራ።

አንሶላው ተውለበለበ። ሮስቪታ መለከቱን አነሣችና አፏ ላይ አደረገች።

«ቆዪ» አለ ኮርቢኒያን። ከቀበቶው ላይ ትልቁን የብረት ቁልፍ ፈታና ባዶ በሆነው እጇ ውስጥ አስጨበጣት። «ይኸው። ከእጅ ወደ እጅ። ማንም መልሶ አይወስድብሽም። ለቁልፍ ብለሽ እንዳትነፊ።»

እሷ መለከቱን ዝቅ አድርጋ ቁልፉን አየችው።

«አሁን ጠባቂዋ አንቺ ነሽ» አላት። «ወደዚያ እዪና ንገሪኝ፤ ምን ይታይሻል?»

ሮስቪታ ወደ ምሥራቁ መስኮት ዞረች። ዕለት ዕለት ስትሸሸው የከረመችውን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው። «ጣሪያ» አለች።

«በሯስ?»

«አትታይም።»

«አንድ ሰው ሲከፍታት አየሽ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያ ያላየሽውን አትንፊ።»

ዋልትራውት ያልታየች መስሏት አንሶላውን እንደ ዕብድ ታራግበው ገባች፤ ወገቧ ድረስ ከመስኮቱ ወጥታለች። ከታች ከንቲባው በድምፅ ማጉያ «ማማ! ማማ!» ይላል። ሁለቱም ወደ ደቡቡ መስኮት ሄደው ገበያውን ቁልቁል አዩ። ሕዝቡ መለከቱን እየጠበቀ ቆሟል። አንዳንዱ በልማድ መዞር ጀመረና ሌላው ሳይዞር ሲያይ ግራ ገብቶት ተመለሰ። ሥጋ ሻጮቹ ጦራቸውን ይዘው የሚያደርጉት ጠፍቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ የሆነ ነገር ጮኸ፤ የተቀበለው የለም።

ኤንገልበርት ሩፕሬክት ከጎተራው ጥግ ብቅ አለ። እንደ ሁልጊዜው ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ደፍቷል። ጥቂት ሄደና ቆመ። መለከት አልሰማም። ባርኔጣውን ቀስ ብሎ ገፋ አደረገው፤ ገበያ ሙሉ ሰው ፊቱን ሰጥቶ እያየው ነው። ሽማግሌው እዚያው መሐል ቆሞ አንዱን ፊት ካንዱ ፊት እየለየ ያይ ጀመር፤ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ጎረቤቶቹ፣ የዕድሜ እኩዮቹ፣ የልጁ የባንድ ጓደኞች። አንዲት ሴት ተጠግታ የሆነ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው ከላይ አይሰማም። ክንዱን ይዛ ገበያው መሐል ባለው የውኃ ምንጭ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። እሱም ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ላይ ባርኔጣውን አድርጎ። በዚያን ዓመት እስከ መስቀያው አልሄደም።